ስፖርት ከበሽታ ይጠብቀናልን?

በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ። «ስፖርት የሚሠራ ሰው አይታመምም ይባላል፤ እውነት ነው?» ይላሉ። ወላጆች ደግሞ «ልጄ በፀሐይ ሮጦ ምች ይመታብኛል፤ በላቡ ላይ ነፋስ አግኝቶት ይታመምብኛል» ብለው ይሰጋሉ። አንዱ ወገን ስፖርትን እንደ መድኃኒት፣ ሌላው እንደ በሽታ መነሻ ያየዋል። በሁለቱም አባባል ውስጥ ጥቂት እውነት አለ፤ ሁለቱም ግን ሙሉ አይደሉም።

ነገሩ ለእኛ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ከአገሩ ርቆ በአንዲት ክፍል ውስጥ አምስትና ስድስት ሆኖ ለሚኖር ቤተሰብ የአንድ ልጅ ጉንፋን የሁሉም ጉንፋን ነው። ልጁ ከትምህርቱ ይቀራል፣ እናት ከሥራዋ ትቀራለች፣ ለመድኃኒት የሚወጣው ገንዘብም ከዕለት እንጀራ ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ የሰውነት እንቅስቃሴ በሽታን በመከላከል ኃይላችን ላይ ምን እንደሚያደርግ፣ ምን እንደማያደርግ፣ እዚህ ሀርጌሳም እንዴት ልንጠቀምበት እንደምንችል በቅደም ተከተል እንመልከት።

የሰውነታችን ዘበኞች

ሰውነታችንን በአንድ ግቢ እንመስለው። ቆዳችን አጥሩ ነው። በአፍንጫችንና በጉሮሯችን ውስጥ ያለው ዝልግልግ ፈሳሽ አቧራንና ረቂቅ ተሕዋስያንን ይዞ የሚያስቀር ወጥመድ ነው። የጨጓራችን አሲድም ከምግብ ጋር የገቡ ብዙ ተሕዋስያንን ያጠፋል። እነዚህን ሁሉ አልፎ የገባውን ጠላት የሚገጥሙት ግን ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። የሚሠሩት በአጥንታችን መቅኔ ውስጥ ሲሆን፣ በአንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ደም ውስጥ፣ ማለትም የመርፌ ጫፍ በምታክል ጠብታ ውስጥ፣ በጤነኛ ሰው ከ4,000 እስከ 11,000 ያህል ይገኛሉ።

ዘበኞቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሥራ የላቸውም። አንዳንዶቹ ባክቴሪያ ባገኙበት ቦታ ሁሉ ውጠው የሚፈጩ ናቸው። በቁስል ላይ የምናየው መግል በአብዛኛው በዚህ ውጊያ የሞቱት የእነዚህ ሕዋሳት ሬሳ ነው። ሌሎቹ «ተፈጥሮአዊ ገዳዮች» የሚባሉት ሲሆኑ፣ በቫይረስ የተያዘውን የራሳችንን ሕዋስ ለይተው ይገድላሉ። ሦስተኞቹ ደግሞ ተምረው የሚዋጉ ናቸው። አንድን ጠላት አንድ ጊዜ ካዩት መልኩን ያስታውሳሉ፤ ለእርሱ ብቻ የሚሆን አንቲቦዲ የተባለ መሣሪያም ይሠራሉ። ክትባት የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጠላቱ ሳይመጣ መልኩን አስቀድሞ ለዘበኞቹ ያሳያቸዋል።

አንድ ነገር ልብ እንበል። ዘበኞቹ ሁሉ ዘወትር በደም ውስጥ አይዞሩም። ብዙዎቹ በጣፊያ፣ በሳንባ፣ በአንጀት፣ በደም ሥር ግድግዳና በሊምፍ ዕጢዎች ውስጥ ተቀምጠዋል። እግራችን ሲቆስል ብሽሽታችን ላይ የሚያብጠው ንፍፊት ከእነዚህ ዕጢዎች አንዱ ነው። ያበጠው ዘበኞቹ በዚያ ተሰብስበው እየሠሩ ስለሆነ ነው።

ስንሮጥ በውስጣችን ምን ይሆናል?

አንድ አዋቂ ሰው ተቀምጦ ሳለ ልቡ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል። በብርቱ ሲሮጥ ይህ መጠን 20 ሊትርና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። ደሙ ሲፈጥንና አድሬናሊን የተባለው ቅመም ሲለቀቅ፣ በየግድግዳው ተለጥፈው የነበሩት ዘበኞች ተነሥተው ወደ ደም ይገባሉ። ይህ የታወቀው ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1901 በቦስተን ማራቶን የሮጡ ሰዎች ደማቸው ሲመረመር የነጭ ሕዋሳቱ ቁጥር በእጅጉ ጨምሮ ተገኝቷል። በተለይ ቫይረስ የያዘውን ሕዋስ የሚገድሉት «ተፈጥሮአዊ ገዳዮች» በደቂቃዎች ውስጥ እጥፍ ድርብ ይሆናሉ።

ሩጫው ካበቃ በኋላ ባሉት አንድና ሁለት ሰዓታት ደግሞ ቁጥራቸው በተቃራኒው ይወርዳል፤ ከመነሻውም ሊያንስ ይችላል። ወዴት ሄዱ? ወደዚህ ነጥብ እንመለስበታለን።

የሊምፍ ፈሳሽም ከእንቅስቃሴ ይጠቀማል። ደም የሚገፋው ልብ አለው፤ ሊምፍ ግን የራሱ ልብ የለውም። በዋናነት የሚገፋው ጡንቻችን ሲኮማተርና ሲዘረጋ፣ እንዲሁም በጥልቀት ስንተነፍስ ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል ሰው ይህን ፈሳሽ ያዘገየዋል። የሚራመድ ሰው ያፋጥነዋል።

እንግዲህ አንድ ቀን መሮጥ ዘበኞቹን አንድ ጊዜ ያስነሣቸዋል ማለት ነው። በየቀኑ መንቀሳቀስ ግን ግቢውን በየቀኑ እንዲዞሩት ያደርጋል። ጥቅሙም በጊዜ ብዛት ይታያል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ዴቪድ ኒማንና ባልደረቦቹ 1,002 አዋቂዎችን ለ12 ሳምንታት ተከታትለው ነበር። በሳምንት 5 ቀንና ከዚያ በላይ የሚንቀሳቀሱት ሰዎች፣ እምብዛም ከማይንቀሳቀሱት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በጉንፋንና በመሰል ሕመም ያሳለፏቸው ቀናት በ43 በመቶ ያነሱ ነበሩ። ልብ በሉ፤ «አልታመሙም» አላለም። ያነሰ ቀን ታመሙ ነው ያለው። ለተማሪዎች ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው።

ለወላጆችና ለአያቶችም የሚሆን አለ። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 79 ዓመት የሆነና አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ብስክሌት ሲነዱ የኖሩ 125 ሰዎችን መርምሯል። አዳዲስ ዘበኞች የሚሠለጥኑበት ታይመስ የተባለው ዕጢ በዕድሜ እየደከመ የሚሄድ ነው። በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ግን የሚያወጣቸው አዳዲስ ሕዋሳት ብዛት ከወጣቶቹ ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል።

ብዙ መሮጥ ያሳምማልን?

አዎን የሚያሰኙ ማስረጃዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1982 በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን 56 ኪሎ ሜትር ከሮጡት ሰዎች መካከል 33 በመቶ የሚሆኑት በሁለት ሳምንት ውስጥ የጉንፋን ምልክት ታይቶባቸዋል። ካልሮጡት መካከል ግን የታየባቸው 15 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1987 ከሎስ አንጀለስ ማራቶን በኋላ ባለው ሳምንት ከሯጮቹ 12.9 በመቶው ታምመናል ሲሉ፣ እንደ እነርሱ ሠልጥነው በዕለቱ ካልሮጡት ግን 2.2 በመቶው ብቻ ነበሩ። በዚህም የተነሣ ለብዙ ዓመታት «ከከባድ ሩጫ በኋላ ለበሽታ የተከፈተ መስኮት አለ» ይባል ነበር። ዘበኞቹ ከደም ውስጥ ስለጠፉ እንደሞቱ ተቆጥረው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2018 ግን በእንግሊዝ የባዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን አስተሳሰብ ተከራክረውታል። እነርሱ እንደሚሉት ዘበኞቹ አልሞቱም፤ ከደም ወጥተው ጠላት ሊገባባቸው ወደሚችሉት በሮች፣ ወደ ሳንባና ወደ አንጀት፣ ለጥበቃ ሄደዋል። ታዲያ ሯጮቹን ምን አሳመማቸው? በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በአንድ ቦታ ሲታጨቅ ጉንፋን ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ከውድድር በፊት እንቅልፍ ይጎድላል፤ መንገድ ያደክማል፤ ጭንቀትም አለ። የሕመም ስሜት ከተሰማቸው ሯጮች መካከልም ሁሉም በእውነት ጉንፋን የያዛቸው አይደሉም፤ አቧራና ደረቅ አየር ጉሮሮን ያቆስላል። ክርክሩ በሊቃውንት መካከል ገና አልተዘጋም።

ለእኛ የሚሆነው ትምህርት ግን ግልጽ ነው። የሚጎዳው ልምድ ሳይኖር በአንድ ቀን ከአቅም በላይ መሮጥ፣ በባዶ ሆድና በእንቅልፍ ማጣት ላይ መሮጥ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ ስድስት ቀን ተኝቶ በሰባተኛው ቀን ሦስት ሰዓት ኳስ መጫወት ሰውነትን አይገነባም። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ከዚያ እጅግ ይሻላል።

ስለ ምችና ስለ ላብ

እናቶቻችን «በፀሐይ አትሩጥ፣ ምች ይመታሃል» ሲሉ ዝም ብለው አይደለም። በብዙ ዘመን ያዩትን ነው የሚናገሩት። ሰው ፀሐይ ከመታው በኋላ ከንፈሩ ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ይወጣበታል፤ እኛም «ምች ነው» እንላለን፤ ዳማ ከሴም ይታሻል። ይህን የከንፈር ቁስል የሚያመጣው ሄርፐስ የተባለ ቫይረስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት ይገባና ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል። ብርቱ ፀሐይ፣ ትኩሳት፣ ከባድ ድካምና ሐሳብ ይቀሰቅሱታል። ስለዚህ ፀሐይ ምክንያት መሆኗን ያዩት እናቶች አልተሳሳቱም። ሆኖም ፀሐይዋ የቀሰቀሰችው ቀድሞ ውስጣችን የነበረውን ነው። መፍትሔውም ሩጫን መተው ሳይሆን ሰዓቱን መምረጥ ነው።

ነገር ግን ራስ ምታትና ትኩሳት ሁሉ ምች አይደለም። በፀሐይ ብዛት የሰውነት ሙቀት ሊያሻቅብ ይችላል፤ ወባም ሆነ ሌላ ሕመም ሊሆን ይችላል። በፀሐይ ላይ የነበረ ልጅ ከተዝለፈለፈ ወይም ንግግሩ ከተምታታ በፍጥነት ወደ ጥላ ወስዶ በውሃ ማቀዝቀዝና ወደ ሐኪም ማድረስ ይገባል። ሌላውም ትኩሳት ቢሆን በ24 ሰዓት ውስጥ ካልበረደ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ እንጂ በዳማ ከሴ ብቻ መጠበቅ አይገባም።

ላብስ? ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው፤ ቫይረስ ከሌለ ላብ ላይ የነፈሰ ነፋስ ብቻውን ጉንፋን አይፈጥርም። ሆኖም ላብ ሲደርቅ ሰውነትን ቶሎ ያቀዘቅዛል፤ ያንቀጠቅጣልም። ስለዚህ ደረቅ ልብስ መቀየር መልካም ልማድ ነው። ከላቡ ይልቅ የሚያሰጋው ከጨዋታ በኋላ አሥራ አንድ ልጆች በአንድ ኩባያ ሲጠጡ ነው። ብዙውን ጊዜ «ኳስ አሳመመኝ» የሚለውን ልጅ ያሳመመው ኩባያው ነው። እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን የውሃ ጠርሙስ ይያዝ።

እንቅስቃሴ የማይተካቸው ነገሮች

ስፖርት ሌላውን ሁሉ የሚተካ የሚመስላቸው ወጣቶች አሉ። የሚከተሉትን ግን አይተካም።

1ኛ. ምግብ። ዘበኞቹም ሆኑ አንቲቦዲዎቹ የሚሠሩት ከምንበላው ነው። ሥጋ የግድ አይደለም። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ እንቁላልና የተፈላ ወተት በሚገባ ይገነባሉ። ቤት ውስጥ የሚበላ ባነሰበት ሳምንት ሩጫውን ቀንሶ በእርምጃ መተካት ብልህነት ነው። በጾም ወራትም፣ የክርስቲያኑም ሆነ የሙስሊሙ፣ ከባዱን እንቅስቃሴ ወደ መፈሰኪያው ወይም ወደ ማፍጠሪያው ሰዓት ማስጠጋት ይገባል።

2ኛ. እንቅልፍ። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ አንድ ጥናት 153 ጤነኛ ሰዎች የጉንፋን ቫይረስ በአፍንጫቸው ተጨምሮላቸው ነበር። በሌሊት ከ7 ሰዓት በታች ይተኙ የነበሩት፣ 8 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይተኙ ከነበሩት ይልቅ በሦስት እጥፍ ያህል ለጉንፋን ተጋልጠዋል። እዚህ ላይ ወጣቶች ጫትን ልታስቡበት ይገባል። ጫት እንቅልፍን ያባርራል፤ የምግብ ፍላጎትንም ይዘጋል። ከሰዓት በኋላውን በጫት ያሳለፈ ልጅ ምሳውንና ሌሊቱን አጥቶ ጠዋት ቢሮጥ፣ ዘበኞቹን ያለ ስንቅ ዘመቻ እንደ መላክ ነው።

3ኛ. ክትባት። ሩጫ ለዘበኞቹ የኩፍኝን ወይም የፖሊዮን መልክ አያሳያቸውም። ይህን የሚያደርገው ክትባት ብቻ ነው። የልጆቻችሁን የክትባት ካርድ አትጣሉ። ያልተሟላ ካለም ጤና ጣቢያ ጠይቁ።

4ኛ. መድኃኒት። የሳንባ ነቀርሳ በስፖርት አይድንም። ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ሳይቋረጥ፣ ብዙውን ጊዜ ለ6 ወራት፣ መወሰድ አለበት። ሳል ከሁለት ሳምንት ካለፈ መመርመር ግዴታ ነው።

ስለ ሐሳብና ጭንቀት

የስደት ኑሮ የራሱ ሕመም አለው። ለወራትና ለዓመታት ጉዳይ መጠበቅ፣ ከአገር ቤት የሚመጣ ወሬ፣ የቤት ኪራይ፣ ይህ ሁሉ በሰውነታችን ውስጥ ኮርቲሶል የተባለውን ቅመም ከፍ አድርጎ ያቆየዋል። ኮርቲሶል ለአጭር ጊዜ ይጠቅማል፤ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ግን የዘበኞቹን ሥራ ያዛባል። «ሐሳብ ገደለኝ» የሚለው ንግግራችን ከዚህ አይርቅም። የሰውነት እንቅስቃሴ ኪራዩን አይከፍልም፤ ጉዳያችንንም አያስፈጽምም። ነገር ግን ውጥረትን ይቀንሳል፣ እንቅልፍንም ያመጣል። በዚህ በኩል የሚሰጠው ጥቅም ለእኛ ከሁሉ የሚበልጥ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እናቶችና አባቶችም ከልጆቹ ጋር ማታ ማታ መራመድ ይገባችኋል።

መቼ እናቁም?

ቀላል ደንብ አለ፤ ከአንገት በላይና ከአንገት በታች። ሕመሙ ከአንገት በላይ ብቻ ከሆነ፣ ማለትም ቀላል የአፍንጫ ፈሳሽና ማስነጠስ ከሆነ፣ ቀስ ብሎ መራመድ አይጎዳም፤ ግን ከሌሎች ራቅ ብሎ ነው። ትኩሳት፣ ከደረት የሚወጣ ሳል፣ የሰውነት ቁርጥማት ወይም ተቅማጥ ካለ ፈጽሞ ማረፍ ይገባል። በትኩሳት ላይ መሮጥ ሕመሙ ወደ ልብ ጡንቻ የደረሰ እንደሆነ ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቺ ራስል በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንዳሳየው፣ ፖሊዮ ይዟቸው ገና ሽባነቱ ሳይጀምር በከባድ እንቅስቃሴ የቀጠሉ ሕመምተኞች፣ ካረፉት ይልቅ የከፋ ሽባነት ደርሶባቸዋል። «በላብ ይወጣል» ብሎ ትኩሳትን በሩጫ ማከም የለም።

እዚህ ሀርጌሳ እንዴት እናድርገው?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ፣ አዋቂዎች ደግሞ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ስልሳውን ደቂቃ በአንድ ጊዜ መጨረስ አያስፈልግም። ወደ ትምህርት ቤት በእግር መሄድ፣ ጀሪካን መሸከም፣ ልብስ ማጠብም ይቆጠራሉ። በዚህ ረገድ ብዙዎቹ ልጃገረዶቻችን ሳያውቁት ስፖርተኞች ናቸው። የሚቀራቸው ጨዋታው ነው።

ሰዓት፦ ሀርጌሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ብትሆንም የቀትር ፀሐይዋ ብርቱ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት፣ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይመረጣል።

አቧራ፦ ነፋስ አቧራ በሚያነሣበት ቀንና መኪና በሚበዛበት መንገድ ዳር አንሩጥ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እንኳን አስም ስላለበት፣ የከተማውን የአየር ብክለት ፈርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የቤጂንግ ኦሊምፒክን ማራቶን ትቶ 10,000 ሜትር ሮጧል። በዚያው ዓመት መስከረም ወር (እ.ኤ.አ.) በበርሊን 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ገብቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። አንድ ቀን መተው ሽንፈት አይደለም።

ቦታ፦ ሜዳ የለንም ብለን አንቅር። ገመድ ዝላይ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ አባሮሽ፣ ቁጢጥ ብሎ መነሣትና ፑሽ አፕ ትንሽ ግቢ ይበቃቸዋል። ሴቶች ልጆች የአካባቢውን ልማድ አክብረው በግቢ ውስጥ ሊጫወቱ ይችላሉ። ወላጆች ይህን እንዳትከለክሉ እንለምናለን፤ የእነርሱም ዘበኞች ከወንዶቹ እኩል ልምምድ ይሻሉ።

አጀማመር፦ ያልለመደ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ 15 ደቂቃ ፈጠን ብሎ ይራመድ። በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ይጨምር። እየተንቀሳቀሰ መናገር የሚችል ከሆነ መጠኑ ልክ ነው። ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው ይቀንስ።

በስደት ላይ ሆኖ ይህን ልማድ መያዝ የሚቻል መሆኑን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ኢትዮጵያዊው ዮናስ ክንዴ በሉክሰምበርግ በስደት እየኖረ በልምምዱ ጸንቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ዴ ጄኔሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሰለፈው የስደተኞች ኦሊምፒክ ቡድን 10 አባላት አንዱ ሆነ። በ36 ዓመቱ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ከ8 ሴኮንድ ጨርሷል። ሜዳልያ አላገኘም፤ ግን በእግሩ ገብቷል።

እንግዲህ ለመነሻው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። ስፖርት በሽታ የማይደፍረው ሰው አያደርገንም። በመጠኑና በየቀኑ ከተሠራ፣ ምግብና እንቅልፍ ከተጨመረበት ግን የታመምንባቸውን ቀናት ያሳንሳል። በዓመት የተረፈ አንድ ሳምንት ለአንድ ተማሪ ብዙ ነው።

እስቲ መልሱ

1. መግል ምንድን ነው?
2. የሊምፍ ፈሳሽን የሚገፋው ምንድን ነው?
3. ከንፈር ላይ የሚወጣው «ምች» ከምን ይመጣል? ምን ይቀሰቅሰዋል?
4. ክትባት የሚሰጠው፣ ሩጫ ግን የማይሰጠው ነገር ምንድን ነው?
5. ትኩሳት ያለበት ጓደኛችሁ «ሮጬ ላቤን ላውጣ» ቢላችሁ ምን ትመክሩታላችሁ? መልሱን ለወላጆቻችሁ አንብቡላቸው።